ማርሽ ስትቀይሩ ከታች «ገጭ» ካለ፦ የድሮ ፎር ባይ ፎር ክሮቼራ አፈታተሽና አቀያየር

«ከኋላ ማርሽ ወደ አንደኛ ስቀይር ከታች ገጭ ይላል። ዲፈረንሻሉ ሄዷል ማለት ነው?»

ይህ ጥያቄ መምጣቱን አላቆመም። አንዳንዱ ድምፁን ቀርጾ ይልክልኛል። አንዳንዱ ጋራዥ የሰጠውን የዋጋ ዝርዝር ይልክልኛል። መልሴ አንድ ነው፦ ዲፈረንሻሉን ከማስፈታታችሁ በፊት ክሮቼራውን እዩ። ለእያንዳንዱ ሰው ከምደጋግመው እዚህ ልጻፈው።

ክሮቼራ የመስቀል ቅርጽ ያለው ትንሽ ብረት ነው። ቦታው በፕሮፔለር ሻፍቱ ሁለት ጫፎች ላይ ነው። ፕሮፔለር ሻፍት የምለው ከትራንስፈር ኬዝ (ከካምቢዮው ጀርባ ሆኖ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ ከሚያከፋፍለው ሳጥን) ተነስቶ ወደ ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ ወደሚያካፍለው) የሚሄደውን ረጅም ዘንግ ነው። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ዲፈረንሻሉ ከባሌስትራው ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ ካምቢዮው ግን ቦታውን አይለቅም። ሻፍቱ በዚህ መሃል እየታጠፈም መዞር እንዲችል የሚያደርገው ክሮቼራው ነው። አራት ክንዶች አሉት። እያንዳንዱ ክንድ ላይ አንድ ኩባያ ይገባል፤ ኩባያው ውስጥ እንደ መርፌ የቀጠኑ ሮለሮች ተደርድረዋል። ግራሶው ሲደርቅ ወይም ውኃ ሲገባ ሮለሮቹ ክንዱን ይበሉታል። ክፍተት ይፈጠራል። «ገጭ» የሚለው ያ ክፍተት ነው።

እዚህ የምጽፈው ላንድ ክሩዘር 70ን፣ በተለይ ሃርድ ቶፑን፣ አስቤ ነው። ሌላ ድሮ የተሠራ ፎር ባይ ፎር ላይም ሐሳቡ አይለወጥም፤ የሚለያዩበትን ቦታ እየጠቆምኩ እሄዳለሁ።

ሥር ከመግባታችሁ በፊት

ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። መኪናውን ካነሳችሁት በብረት መቆሚያ ላይ አስቀምጡት። ብሎኬት አትጠቀሙ፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። መኪናውን ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ ብታቆሙት እንኳ፣ የኋላውን ሻፍት የመጨረሻ ቡሎን ስታወጡ ማርሹ ጎማውን መያዝ ያቆማል። ሞተሩንና ጎማውን የሚያገናኛቸው ያ ሻፍት ነበራ። አንዳንድ መኪና ላይ፣ ለምሳሌ ላንድ ሮቨር ዲፌንደር ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ ራሱ የሚይዘው ከትራንስፈር ኬዙ ጀርባ ነው። እዚያ ላይ ሻፍቱን ስትፈቱ የእጅ ፍሬኑም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሜዳ ላይ አቁሙ፤ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዙ።

ሦስተኛ፣ ሞተሩ እየሠራ ማንም ሰው ሥር አይግባ። የሚዞር ሻፍት ነጠላም፣ የጃኬት እጅጌም፣ ፀጉርም ይጠመጥማል።

ምን ምን ያስፈልጋል

- አዲስ ክሮቼራ ከነማቆሚያ ቀለበቶቹ። የኋላው ሻፍት ላይ 2፣ የፊቱ ላይም 2 አሉ። መሃሉ ላይ ኩሽኔታ ያለው ባለ ሁለት ቁራጭ ሻፍት ከሆነ 3 ይሆናል።
- 14 ቁጥር ቁልፍ፣ ሁለት። መኪናችሁ ላይ ሌላ ቁጥር ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ ለኩ።
- የቀለበት ማውጫ ፒንሳ
- ሞርሳ (ዕቃ ነክሶ የሚይዘው)፣ መዶሻ፣ አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ ቡሶላ (ክቡ የቡሎን መፍቻ)
- የሊትየም ግራሶ፣ ቁጥር 2፣ ከነፓምፑ
- የሽቦ ብሩሽ፣ ናፍታ፣ ጨርቅ
- ነጭ ቀለም። የቢሮ ኮሬክተርም ይሆናል፤ እኔ የምጠቀመው እሱን ነው።
- የቡሎን ማጥበቂያ ልክ የሚያሳይ ቁልፍ። ከሌላችሁ ለአንድ ቀን ተዋሱ።

ክሮቼራውን ስትገዙ የመኪናውን ስም ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። አንድ ዓይነት በሚመስሉ ሁለት መኪናዎች ላይ የተለያየ መጠን ታገኛላችሁ። ሶማሌ ተራም ሂዱ ሌላ ቦታ፣ አሮጌውን ፈትታችሁ በእጃችሁ ያዙ። የኩባያውን ውፍረትና ከኩባያ እስከ ኩባያ ያለውን ርዝመት በካሊፐር አስለኩ። አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ቢለያይ ዕቃው የእናንተ አይደለም።

ክፍል አንድ፦ ችግሩ የቱ ጋ ነው?

1. ድምፁን ለዩ። መስኮት ከፍታችሁ፣ ሬዲዮ ዘግታችሁ፣ ግድግዳ ባለበት መንገድ ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ግድግዳው ድምፁን ይመልስላችኋል።

- ስትነሱና ማርሽ ስትቀይሩ አንዴ «ገጭ» ካለ የሆነ ቦታ ክፍተት አለ። ቀዳሚው ተጠርጣሪ ክሮቼራ ነው።
- በዝግታ ስትሄዱ እንደ ወፍ «ሲጥ ሲጥ» ካለና ፍጥነት ስትጨምሩ ሲጥታው ከፈጠነ ክሮቼራው ደርቋል። ይሄ ከ«ገጭ» በፊት የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ነው።
- ከ60 ወይም ከ70 በላይ ወለሉና መቀመጫው ከተንቀጠቀጠ፣ ካምቢዮውን ዜሮ አድርጋችሁ ስትለቁትም ከቀጠለ፣ ሞተሩን ተዉት። ችግሩ ከካምቢዮ ወዲያ ነው። ሻፍቱን እዩ፤ የጎማ ባላንስንም አትርሱ።
- ነዳጅ ስትሰጡ የሚጮህ፣ ስትለቁ የሚለወጥ ረጅም «ኡኡታ» ካለ ያኔ ዲፈረንሻሉን መጠርጠር ያስኬዳል።
- መሪ ሙሉ አዙራችሁ ስትነሱ ከፊት «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ካለ የፊት ጎማው መገጣጠሚያ ነው። የዛሬው ጉዳያችን አይደለም።

2. መኪናው ጨርሶ አልሄድ ካለ ሻፍቱን እዩ። ሞተሩ ይጮሃል፣ ማርሹ ገብቷል፣ መኪናው ግን ከቦታው አይንቀሳቀስም። መጀመሪያ የትራንስፈር ኬዙ ማርሽ መቀየሪያ ዜሮ ላይ አለመሆኑን እዩ። አትሳቁ፣ በዚህ ምክንያት መኪና ያስጎተተ ሰው አውቃለሁ። ከዚያ ታኮ አድርጋችሁ፣ አንድ ሰው መሪ ላይ አስቀምጡ። እናንተ ከጎን ራቅ ብላችሁ፣ ሥር ሳትገቡ፣ ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ሲለቅ ሻፍቱ እየዞረ ጎማው ካልዞረ ችግሩ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ነው፣ ወይም ከዲፈረንሻል ወደ ጎማ ከሚሄዱት ሁለት ዘንጎች አንዱ ተሰብሯል። በተለመደው ዲፈረንሻል አንዱ ከተሰበረ ጉልበቱ ሁሉ በተሰበረው በኩል ይባክናል፤ ደህናው ጎማም አይገፋም። ሻፍቱም ካልዞረ ወደ ፊት ሂዱ፦ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ ወይም ትራንስፈር ኬዝ ነው።

3. በእጃችሁ አጣሙት። ወሳኙ ፍተሻ ይሄ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሞተር ጠፍቶ፣ ማርሽ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ታኮ ገብቶ ሥር ግቡ። በአንድ እጅ ከክሮቼራው በዚህ በኩል ያለውን ብረት፣ በሌላው በዚያ በኩል ያለውን ያዙ። እንደ እርጥብ ጨርቅ በተቃራኒ ጠምዝዙ። ዓይናችሁ ኩባያው ላይ ይሁን። ኩባያው ከክንዱ ተለይቶ ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሰ አብቅቶለታል። «ትንሽ ነው፣ ይቆያል» የሚባል ነገር የለም፤ ጤነኛ ክሮቼራ ላይ በዓይን የሚታይ ክፍተት አይኖርም። ኩባያው ዙሪያ እንደ በርበሬ የደቀቀ ቀይ ዱቄት ካያችሁም አትጠራጠሩ። ውስጡ ዝጎ እየተፈጨ ነው።

4. ክሮቼራው ደህና ከሆነ ሌሎቹን እዩ። በቅደም ተከተል፦ የሻፍቱ ጫፍ ቡሎኖች ላልተዋል? ሻፍቱ መሃሉ ላይ የሚረዝምበትና የሚያጥርበት ጥርስ ያለው ቦታ ሲጠመዘዝ ይጫወታል? የሞተርና የካምቢዮ መቀመጫ ጎማዎች ተቀደዋል? ከዚያ ሻፍቱ የሚታሰርበትን የዲፈረንሻል አፍ ያዙና ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁ። ሲዞር ትንሽ ወዲያ ወዲህ ማለቱ ጤና ነው፤ ጥርስ ለጥርስ ቦታ ይፈልጋል። ወደ ላይና ወደ ታች ከተንቀሳቀሰ ግን ኩሽኔታው ሄዷል። ያኔ ክሮቼራ መቀየር ብቻውን አያድናችሁም።

እኔ ራሴ ተራ ቁጥር 3ን ሳላደርግ ዲፈረንሻል አስፈትቻለሁ። ተፈታ፣ ታጠበ፣ ተገጠመ፣ ከፈልኩ። ከጋራዡ በር ስወጣ «ገጭ» አለ።

ክፍል ሁለት፦ መፍታት

5. ምልክት አድርጉ። ይህን ዘልላችሁ ወደሚቀጥለው አትሂዱ። ሻፍቱና ዲፈረንሻሉ በሚገናኙበት ቦታ ሁለቱንም የሚነካ አንድ የቀለም መስመር አስምሩ። በትራንስፈር ኬዙ በኩል ሁለት መስመር አስምሩ፣ እንዳይምታታባችሁ። መሃል ላይ ሻፍቱ የሚሳብበት ቦታ ላይም ሦስተኛ ምልክት።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የታጠፈ ክሮቼራ ዙሩን እኩል አያስተላልፍም። በእያንዳንዱ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ያፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ያዘገያል። የዚያኛው ጫፍ ክሮቼራ ተቃራኒውን እየሠራ ያስተካክለዋል። ይህ የሚሆነው ግን የሻፍቱ ሁለት ጫፎች ጆሮዎች (ኩባያዎቹ የሚገቡባቸው ቀዳዳ ያላቸው ሹካዎች) በአንድ መስመር ላይ ሲሆኑ ነው። ሻፍቱን መሃሉ ላይ አውጥታችሁ በአንድ ጥርስ አዛንፋችሁ ከመለሳችሁት፣ አዲስ ክሮቼራ ገብቶም መኪናው ይንቀጠቀጣል። እናንተም አዲሱ ዕቃ ፎርጅድ ነው ብላችሁ ሻጩን ትሳደባላችሁ።

6. ቡሎኖቹን ፍቱ። የዛጉ ከሆነ ናፍታ ነክራችሁ አሳድሯቸው። አንዱን ቁልፍ ቡሎኑ ላይ፣ ሌላውን ዳዶው ላይ። ሻፍቱን ለማዞር ታኮ የፊት ጎማ ላይ አጥብቃችሁ፣ አንዱን የኋላ ጎማ አንሱና መቆሚያ አድርጉ፤ ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። የተነሳው ጎማ በእጅ ሲዞር ሻፍቱም ይዞራል። ያልደረሳችሁበት ቡሎን ራሱ ወደ እናንተ ይመጣል።

7. ሻፍቱን ደግፋችሁ አውርዱ። አንዱን ጫፍ ፈትታችሁ በሌላው አታንጠልጥሉት። ከባድ ነው፤ ደህናውን ክሮቼራ ይጎዳዋል፣ ከወደቀም ፊት ላይ ነው። አንዳንድ መኪና ላይ የፊተኛው ጫፍ በቡሎን ሳይታሰር ትራንስፈር ኬዙ ውስጥ የሚገባ ነው። እሱ ሲወጣ ዘይት ስለሚፈስ ሰሃን አዘጋጁ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ «መንገድ ላይ ቢሰበርብኝስ?» ላንድ ክሩዘር 70 ከሆነ የኋላውን ሻፍት ሙሉ በሙሉ ፈትታችሁ አውጡት። የፊት ጎማ ሎኮቹን (ጎማው መሃል ላይ ያሉትን መቆለፊያዎች) ቆልፉ፣ ፎር ዊል አስገቡ። መኪናው በፊት ጎማ ብቻ ይወስዳችኋል። መሪ ሙሉ አዙራችሁ ነዳጅ አትርገጡ፤ የፊት መገጣጠሚያው ለዚያ ጉልበት ብቻውን አልተሠራም። ሁልጊዜ በአራቱም የሚሄድ መኪና ከሆነ ደግሞ የመሃል ዲፈረንሻሉን መቆለፍ ግዴታ ነው። አለበለዚያ ጉልበቱ ባዶው በኩል ይፈስና ከቦታችሁ አትነቃነቁም።

8. ቀለበቶቹን አውጡ። ከኩባያው በላይ፣ በጆሮው ውስጥ ባለው ቦይ ላይ ናቸው። ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ፣ ናፍታ አርከፍክፉ፣ በፒንሳ ሳቡ። የሚፈናጠሩ ነገሮች ስለሆኑ መነጽር አድርጉ።

9. ኩባያዎቹን ግፉ። ሻፍቱን ሞርሳ ላይ አምጡ። ከኩባያው ትንሽ የሚያንስ ቡሶላ በአንድ በኩል፣ ኩባያውን የሚውጥ ትልቅ ቡሶላ በተቃራኒው በኩል። ሞርሳውን ስታጠብቁ ትንሹ ይገፋል፣ የዚያኛው በኩል ኩባያ ትልቁ ውስጥ ይገባል። ገልብጡና ድገሙ። ሞርሳ ከሌለ ጆሮውን በእንጨት ደግፋችሁ በመዶሻና በቡሶላ ይሠራል። የሻፍቱን ቧንቧ ግን በመዶሻ አትምቱ፣ ሞርሳም አትነክሱት። ከተቀጠቀጠ ባላንሱ ይጠፋል።

10. ጆሮዎቹን መርምሩ። ቀዳዳዎቹን አጽዱ። አዲሱን ኩባያ ሳትመቱ በጣታችሁ ግፉት። ሰተት ብሎ ከገባ ቀዳዳው ሰፍቷል፤ አዲስ ክሮቼራ ቢገባም ይላላል። ያኔ የሚቀየረው ጆሮው ነው። «በብየዳ እሞላዋለሁ» የሚል አይጠፋም። ይህን ያህል ዙር በሚዞር ዕቃ ላይ እኔ አልሞክረውም።

ክፍል ሦስት፦ መግጠም

11. መርፌዎቹን በግራሶ አጣብቁ። አራቱንም ኩባያ ከአዲሱ ክሮቼራ ላይ አውልቁ። ውስጡን በጣት ስስ ግራሶ ቀቡት። ጥቅሙ ማለስለስ ብቻ አይደለም፤ መርፌዎቹን ቦታቸው ላይ ይይዛቸዋል። ጠቅጥቃችሁ ግን አትሙሉት፤ አየር መውጫ ካጣ ኩባያው አይገባም።

12. መስቀሉን አስገቡ፣ ከዚያ ኩባያውን። ግራሶ የሚገባባት ጫፍ ወደ ሻፍቱ አካል በኩል ትዙር። ወደ ጆሮው ጥግ ካዞራችኋት ፓምፑ አይደርስም፤ ለመድረስ እንደገና መፍታት ነው። አንዱን ኩባያ በከፊል አስገቡ፣ የመስቀሉን ክንድ በውስጡ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፣ ተቃራኒውን ጀምሩ፣ ከዚያ በሞርሳ ሁለቱንም ቀስ እያላችሁ አጥብቁ። በየመሃሉ መስቀሉን ወዲያ ወዲህ አንቀሳቅሱ። ድንገት ጠጠር ካለ ቁሙ።

13. ቦዩ ካልታየ አትምቱ። ኩባያው እስከመጨረሻው ገብቶ የቀለበቱ ቦይ ሙሉ ካልታየ አንድ መርፌ ወድቋል ማለት ነው። ከኩባያው ሥር ተኝቷል። በዚህ ጊዜ ትልቅ መዶሻ ይመጣል፣ መርፌው ይታጠፋል ወይም ይሰበራል፣ አዲሱ ክሮቼራ በሳምንቱ ይሞታል። ከሚደርሱኝ «ቀይሬውም ድምፁ ተመለሰ» ከሚሉ መልእክቶች ውስጥ ብዙዎቹ መጨረሻቸው ይቺ መርፌ ናት። አውጡት፣ መርፌውን መልሱ፣ ድገሙ።

14. ቀለበቶቹን ግጠሙ። በሁለቱ ተቃራኒ ወገን እኩል ውፍረት ያለው ቀለበት አድርጉ፣ መስቀሉ መሃል እንዲቀመጥ። ቶዮታ የተለያየ ውፍረት ያላቸው ቀለበቶች የሚያቀርበው ለዚህ ነው፤ ወደ ጎን ያለው ጨዋታ ከ0.05 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ከዚያ ጆሮዎቹን ከውጭ በኩል በመዶሻ ቀለል አድርጋችሁ ነካ ነካ አድርጓቸው። ኩባያዎቹ ወደ ቀለበታቸው ይጠጋሉ፣ የታመቀው ይለቃል። ክሮቼራው አሁን በሁሉም አቅጣጫ በእጅ ኃይል እኩል መታጠፍ አለበት። አንድ ቦታ ላይ ከያዘ አልተስተካከለም።

15. ሻፍቱን መልሱ። ምልክት ለምልክት። ቡሎኖቹን በእጅ ጀምሯቸው፣ ከዚያ በመስቀል ቅደም ተከተል አጥብቁ። የቶዮታዎቹ ልክ አብዛኛውን ጊዜ ከ70 እስከ 90 ኒውተን ሜትር መካከል ነው፤ የመኪናችሁን መመሪያ ካገኛችሁ የእሱን ተከተሉ። ያረጀ ቡሎን፣ ጥርሱ የተበላ ዳዶ አትመልሱ። ይህ ሻፍት በፍጥነት ላይ የፊተኛው ጫፉ ከተፈታ አስፋልቱ ላይ ይተከላል።

16. ግራሶ ስጡት። ከአራቱም ኩባያዎች ጠርዝ ትንሽ ትንሽ አዲስ ግራሶ ብቅ እስኪል። ከሦስቱ ወጥቶ ከአንዱ እምቢ ካለ፣ ያ አንዱ ደርቆ ሊቀር ነው። ሻፍቱን አዙሩ፣ ነቅንቁ፣ እንደገና ስጡት። መሃል ላይ ያለው የሚሳበው ጥርስ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ላይ ሦስት አራት ግፊት ይበቃል። ከሞላችሁት ባሌስትራው ሲረግጥ ሻፍቱ ማጠር ያቅተውና ትራንስፈር ኬዙንና ዲፈረንሻሉን ይገፋቸዋል። ግራሶ ለጋስነት ኩሽኔታ ሲበላ ያየሁት እዚህ ላይ ብቻ ነው።

17. ንዱት። መጀመሪያ በሰፈር፣ ከዚያ እስከ 80። 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዳችሁ በኋላ ቡሎኖቹን እንደገና በቁልፍ ሞክሯቸው። ከዚያ ወዲያ በአቧራና በጭቃ የምትሄዱ ከሆነ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ግራሶ። ወንዝ ከተሻገራችሁ ኪሎ ሜትር አትቁጠሩ፤ በማግስቱ ስጡት። አዲሱ ግራሶ ውኃውን ገፍቶ ያወጣዋል።

ይሄ ሁሉ ሆኖ «ገጭ» ካላቆመ

አሁን ስለ ዲፈረንሻሉ መነጋገር እንችላለን። ከማስፈታት በፊት ግን ዘይቱን አውርዳችሁ እዩት። ማውረጃው ክዳን ላይ ማግኔት ካለ፣ የተጣበቀው እንደ ጭቃ የላላ ግራጫ ነገር ከሆነ ጤናማ ነው። ጣታችሁን የሚወጋ ስባሪ ወይም የጥርስ ቁራጭ ካገኛችሁ መፈታቱ አይቀርም። ስባሪ ከሌለ አዲስ ጂኤል-5 ዘይት፣ 90 ቁጥሩን፣ ሙሉና ለተወሰነ ጊዜ ነድታችሁ አዳምጡ።

ዘይቱን ስታወርዱ ደግሞ መጀመሪያ የምትፈቱት ከላይ ያለውን የመሙያ ክዳን ይሁን። የታችኛውን ከፍታችሁ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ የላይኛው ዝጎ አልከፈት ቢል፣ መኪናው ባዶ ዲፈረንሻል ይዞ እዚያው ይተኛል።